ሦስተኛ ወገን

ሃምሳ አንድ ሞላኝ፤ መንጃ ፈቃዴ ግን ጥርስ እንኳ አላበቀለ፤
ወደ ግራ ሲዞር ፍሬቻ የሚረሳ ከእኔ ሌላ የት አለ?
መኪናዋ ደግሞ ሦስት ባል ያወቀች ናት፤
አራተኛው እኔ፣ በዕቁብ ብር፣ ከነሳሏ የወሰድኳት።
ሊብሬዋ ላይ ቀለሟ "ሰማያዊ" ይላል፤
የአዳማ ንፋስ ግን አሸዋውን ይዞ ሌላ ቃል ጽፎባታል።

ያለ ኢንሹራንስ ቦሎ የለም፤ ያለ ቦሎ መንገድ፤
እኔም ፋይሌን በብብቴ፣ እሷን በር ላይ ትቼ፣
በባጃጅ ተነሣሁ ልሄድ።

የመጀመሪያው ቢሮ ፖስታ ቤት አጠገብ፣ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ የማይሠራ፤
ልጅቷ ጠየቀችኝ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ከኮምፒዩተሩ ጋራ፦
"የማሽከርከር ልምድ?"
"ሦስት ወር።"
ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ።
"ይቅርታ፣ ዓመት ነው ወር?"
"ወር።"

ከማተሚያው አፍ አንድ ቁጥር ወጣ፣ ትኩስ እንደ ዳቦ፤
የስድስት ወር ደመወዜን የሚበላ ተርቦ።
"ለጀማሪ ጭማሪ አለው" አለች። ጀማሪ የሚለው ቃል
ሽበቴ ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚያስቅ ማን ያውቃል።
"ሃያ ስድስት ዓመት በትምህርት ቤት ላብራቶሪ
አሲድ ይዤ ተመላልሻለሁ፤
አንድ ብልቃጥ አልሰበርኩም፤ ይሄ ልምድ አይባልም?"
አልኳት። አዎ፣ ለምኛለሁ።
"ሲስተሙ አይቀበለውም።"

ሁለተኛው ቢሮ ርካሽ ነው አሉኝ፤ እውነትም ርካሽ ነበር፤
ወረቀቱን ገልብጬ ሳነብ ግን፣
በጉንዳን ፊደል የተጻፈ ስንት ነገር፦
ጎርፍ የለም፣ ስርቆት የለም፣ የተሰነጠቀ መስታወት የለም፤
"ታዲያ ምን አለ?" ብለው፣
ሰውየው ፈገግ አለ እንጂ አልመለሰልኝም።

የእህቴ ባል ጉተማ፣ ሃያ ዓመት የጂቡቲን አስፋልት የፈጨ፣
"ምን ያንከራትትሃል? በእኔ ስም አስገባት" ብሎ
ምክሩን በስልክ ረጨ።
"ልምዴን አይተው ይቀንሳሉ፤ አንተ ንዳ፣ እኔ ልፈርም።"
አልዋሽም፣
ለአንድ ሻይ ያህል አሰብኩበት፤
ስኳሩ እስኪሟሟ ጠበቅኩት።
ግን የተጋጨሁ ለት፣ እሱ ጂቡቲ ሆኖ፣ እዚህ እንዴት ይነዳል?
ውሸት እኮ ፍሬን የለውም፤ ቁልቁለት ሲያገኝ ይነጉዳል።

ተመለስኩ ወደ ልጅቷ። ደረቷ ላይ "ሌንሳ" ይላል።
"ባለኝ ብር" አልኩ፣ "ምን ይገዛል?"
"ሦስተኛ ወገን ብቻ። እርስዎ ቢሰበሩ፣ መኪናዎ ቢሰበር፣ ምንም።
እርስዎ የሚጎዱት ሰው ቢኖር፣ ለእሱ ነው።"
"ማን ነው እሱ?"
"አይታወቅም።"

ፎርሙን አገላበጥኩ። የእኔ ስም አለ፣ የእነሱ ማህተም አለ፤
የሦስተኛው ስም የትም የለ።
እኛ ወገን የምንለው አብሮን የሚቀብር፣ አብሮን የሚድር ነበር፤
ለካስ ገና ያልገጨኸውም ሰው ወገንህ ተብሎ ይቆጠር።
ፈረምኩ። ለራሴ አልበቃ ያለኝ ብር
ለማላውቀው ሰው በቃ።

በማግስቱ፣ ከቦኩ ቁልቁል፣ በሁለተኛ ማርሽ፤
ዓይኑን በቆዳ የከለሉት የጋሪ ፈረስ፣
የፕላስቲክ ወንበር በራሷ ደራርባ የተሸከመች ሴት፣
ደብተሩን ከፀሐይ መጋረጃ ያደረገ ተማሪ፤
አንተ ነህ? አንቺ ነሽ? ወይስ ያ ስልኩን እያየ የሚሻገር?
መሪው በላቤ ራሰ፤ እንደዚያ እንደ አሲዱ ብልቃጥ፣
በሁለት እጅ፣ ቀስ፣ ትንፋሽ ዋጥ።

ከኋላዬ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋ፤ በግራ ሾልኮ ሲያልፈኝ
ልጁ አንገቱን አውጥቶ፣ "ጋሼ፣ እንቅልፍ ነው?" አለኝ።
ይበል። ይለፍ።
መስታወቴ ላይ የለጠፍኳት ወረቀት የእሱ መሆኗን መቼ ያውቃል?
ብጮህም አይሰማኝ፤ ንፋስ ነው፣ ደግሞም ቸኩሏል።
ፍሬቻም አላሳየ።